ዕንቁላልና ጊንጥ

ንባብ፤ የሉቃስ ወንጌል 11፤ 11–13



ጌታችን ስለ ጸሎት ሲያስተምር አባቶችን አንድ ነገር ጠየቀ። ልጁ ዕንቁላል ሲለምነው በእጁ ላይ ጊንጥ የሚያኖርለት አባት በመካከላችሁ አለን? ጥያቄው መልስ የሚያሻው አይመስልም፤ የሰሚው ልብ ሁሉ «እንዲህ ያለ አባት ከቶ አይገኝም» ይላልና። እኔም ይህን ክፍል በሰበክሁ ቍጥር ያለ ጥርጥር እንዲሁ እል ነበር።

በደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ጊንጥን ይበልጥ የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው። እስራኤል የተጓዙበት ምድረ በዳ የእባብና የጊንጥ ስፍራ እንደ ነበረ በዘዳግም 8 እናነባለን። በከነዓን ደቡብ ድንበር ያለው አቀበትም አቅረቢም ይባል ነበር፤ ጊንጦች ማለት ነው። በግዕዝ ጊንጥ ዐቅራብ ይባላልና ቃሉ ለእኛም ዘመድ ነው። ንጉሥ ሮብዓም ሕዝቡን ሊያስፈራራ በወደደ ጊዜ ከአባቱ አለንጋ የሚከፋ ነገር ቢፈልግ ያገኘው የጊንጥን ስም ነው። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ።

ከጨንቻ ደጋ ወርጄ በአርባ ምንጭ አካባቢ በቆላው ማገልገል በጀመርሁ ጊዜ ግን ጊንጥ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ቤቴ ገባ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ላቡን እየጠረገ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት እናት መጥተው ቤታችንን ዞረው ተመለከቱ። ጫማ ሳይራገፍ እንዳይጠለቅ፥ አልጋው ከግድግዳው እንዲርቅ፥ ልጆቹም በምሽት በባዶ እግራቸው እንዳይወጡ ነገሩን። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር የተከመረውን ማገዶ ባዩ ጊዜ ደግሞ፥ «ቄስ፥ ይህን ከቤቱ ያርቁት፤ ይህ የእርሱ ቤት ነው» አሉኝ። ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አሳሰበችኝ። እኔ ግን ስብሰባ ነበረብኝ፤ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ከዚያም ሌላ ስብሰባ መጣ። ማገዶው በስፍራው ቈየ።

ጊንጥ ሰውን ፈልጎ የሚያሳድድ ፍጥረት አይደለም። ቀን ከድንጋይ፥ ከእንጨትና ከተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሌሊት ወጥቶ በረሮና ሌሎች ነፍሳትን ያድናል፤ ሳይበላም ለብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል። ሰውን የሚነድፈው ሲረገጥ፥ ሲጨበጥ ወይም ሲጫኑት ነው። ሊቃውንት ከ2,000 የሚበልጡ ዓይነቶችን ለይተዋል፤ ከእነዚህ ሰውን ሊገድሉ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። በአብዛኛው ጅራቱ ወፍራም፥ መቆንጠጫውም ቀጭን የሆነው ይበልጥ ይፈራል፤ በጨለማ የተነደፈ ሰው ግን ጅራት የሚመረምርበት ጊዜ የለውም። በ2008 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1,000,000 የሚበልጡ ሰዎች እንደሚነደፉ፥ ከ3,000 የሚበልጡትም እንደሚሞቱ ገምቶአል። ብርቱው አደጋ የሚደርሰው በሕፃናት ላይ ነው፤ መርዙ ያው ሲሆን የእነርሱ ሰውነት ትንሽ ነውና።

በአንድ ምሽት፥ አራት ዓመት የሆናት ልጄ እናቷን ልትረዳ ብላ ከማገዶው አንድ ፍልጥ ልታመጣ ሄደች። ጩኸቷን የሰማሁት የእሑዱን ስብከት ሳዘጋጅ ነው። ጥቂት ቈይቶ ላቧ ይፈስስ፥ አፏም በምራቅ ይሞላ ጀመር፤ ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ተንከራተቱ። በቤታችን በእንግድነት የነበረ አንድ ወንድም ጌታ በሉቃስ 10 ለላካቸው ሰዎች በእባብና በጊንጥ ላይ ሥልጣን እንደ ሰጣቸው አስታውሶ፥ ከጸሎት በቀር ሌላ መፈለግ አለማመን ነው አለ። ሌላው ቍስሉን ሊበጣ ምላጭ አመጣ። ሦስተኛው ክንዷን የሚያስርበት ገመድ ይፈልግ ነበር። እኔም ተንበረከክሁ፤ ጸሎቴም ረዘመ። በዚያን ጊዜ አሮጊቷ ጎረቤታችን ገቡ፤ ምላጩን ከሰውዬው እጅ ወስደው፥ «ቄስ፥ ጸሎቱን በመንገድ ላይ ያድርሱት፤ አሁን ልጅቱን ያንሡ» አሉኝ።

በሞተር ብስክሌት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሕመሙን የሚያስታግሥ መድኃኒት ሰጡአት፤ ትንፋሿንና የልቧን ምት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁ አደሩ። ጎሕ ሲቀድ ውኃ ለመነች፤ ጠጣችም።

ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ ማገዶውን አነሣሁ። ከሥሩ ጊንጧን አገኘሁ፤ ነጫጭ ግልገሎቿን በጀርባዋ አዝላ ነበር። ጊንጥ ዕንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ወልዳ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ድረስ ትሸከማቸዋለች። ገደልኋት፤ በዚህ አላፍርም። ነገር ግን ፍልጡን በእጄ እንደ ያዝሁ ብዙ ጊዜ ቆምሁ። የጌታ ጥያቄ ወደ እኔ ተመልሶ መጥቶ ነበርና፥ በዚህ ጊዜ «እንዲህ ያለ አባት አይገኝም» ለማለት አልቻልሁም። በእጄ አላኖርሁላትም፤ ነገር ግን ቤት ሠርቼለት ነበር።

አንዳንዱ ሰው «ክፉ አላሰብህም» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም በዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ባለቤቱ ማንንም ገፍቶ አልጣለም፤ መከታውን ሳይሠራ ቀረ እንጂ። ማርቲን ሉተርም በ1529 ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝም አትግደል የሚለውን ትእዛዝ ሲያስረዳ ባልንጀራን አለመጉዳት ብቻ እንደማይበቃ፥ በሥጋው ችግር ሁሉ ልንረዳው እንደሚገባ ያስተምራል። ይህን ትምህርት ልጆችን በቃል አስጠንቼ ነበር፤ ማገዶው ግን በአምስተኛው ትእዛዝ ውስጥ እንዳለ አላሰብሁም።

ስለ እንግዳችንም ቃል አንድ ነገር ልናገር። ጌታ ለላካቸው የሰጠው ተስፋ እውነተኛ ነው፤ የጠላትን ኃይል እንዳይፈሩ ሰጣቸው እንጂ ሕፃን እየተሠቃየች ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ አልሰጣቸውም። ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች በስማቸው በሰማይ መጻፍ ይልቅ ደስ እንዲላቸው ወዲያው ነገራቸው። ልጆቻቸው በጊንጥ መርዝ የሞቱባቸው ወላጆች ይህን ያነቡ ይሆናል። እናንተ ሆይ፥ እምነታችሁ ስላነሰ ልጃችሁ ሞተ የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት። የእኔ ልጅ የዳነችው አባቷ ከእናንተ ይልቅ ስላመነ አይደለም፤ በዚያች ሌሊት ያመነውንም ያፈረውንም አባት ታውቃላችሁና።

ጌታ ግን ጥያቄውን ለእኛ መክሰሻ ብቻ አላደረገውም። ክፉዎች ስትሆኑ ብሎ ስማችንን አስቀድሞ ጠራ፤ ከዚያም የሰማዩ አባት ለሚለምኑት መንፈስ ቅዱስን እንደሚሰጥ ነገረን። እኔም በዚያን ቀን የለመንሁት ይህን ነው። ይቅርታን አገኘሁ፤ ይቅር የተባለውም ሰው ድንጋዩንና እንጨቱን ሲያጋዝ፥ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ሲመርግ ዋለ። ባለቤቴ ስለ ማገዶው አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረችም።

እናንተም ልጆቻችሁን ወይም አገልጋዮቻችሁን ወደ ቆላ ስትልኩ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ጫማና የእጅ ባትሪ ላኩላቸው። የተነደፈውን ሰው አረጋጉት፤ ስፍራውን በውኃና በሳሙና እጠቡለት፥ ቀዝቃዛ ጨርቅም አኑሩበት፤ አትብጡት፥ በአፋችሁም አትምጠጡት፥ በገመድም አትሰሩት። ሕፃን ከሆነ ሳይመሽ ሳይነጋ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከማታ ጸሎት በኋላ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ይዛ በግቢው ትዞራለች፤ ጊንጥ በዚያ ብርሃን ሲታይ እንደ አረንጓዴ ፍም ያበራል። ባገኘች ጊዜ አትነካውም፤ በቆመችበት ሆና «አባባ» ብላ ትጠራኛለች። እኔም የያዝሁትን ትቼ እነሣለሁ።

ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን። አሜን።