በክንፍ ውስጥ ስለ ተሰወረው ሪቬት

ሰው ሌላ ሰው ከቶ የማያየውን ሥራ አሳምሮ እንዲሠራ የሚያስገድደው ምንድር ነው? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ አገር በየቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ሥራ ገልጦ ያሳየናል። በዚያ አገር ሕግ አንድ ሰው ለትምህርቱ ወይም ለደስታው ሲል ከአውሮፕላኑ ሥራ የሚበልጠውን ክፍል በገዛ እጁ የሠራ እንደ ሆነ፥ ተመርምሮ እንዲበር ይፈቀድለታል። እንዲህ ያሉ ሠሪዎች በ1953 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በሚልዋኪ ከተማ ማኅበር አቋቁመዋል።

ሪቬት ማለት ራስ ያለው አጭር የአሉሚኒየም ችንካር ነው። ሁለት ቆርቆሮዎች ተደራርበው ይበሳሉ፤ የቀዳዳውም ጠርዝ ይላጋል። ሪቬቱ ከገባ በኋላ ራሱን በአየር ግፊት የሚሠራ መዶሻ ይመታዋል፤ በጭራው በኩልም ከባድ ብረት ይደገፍበታል። ያን ጊዜ ጭራው ተጨፍልቆ ሁለተኛ ራስ ይሆናል። ልኩም የታወቀ ነው፤ ይኸውም ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት 1.5 እጥፍ፥ ቁመቱም የውፍረቱን እኩሌታ ነው።

እንግዲህ አስተውል። በውጭ የሚታየው ራስ ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ሠሪው በገዛ እጁ ያበጀው ራስ ግን በክንፉ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ተመልካች የሚያመሰግነው የሌላውን ሥራ ነው፤ የሠሪው የራሱ ሥራ ክንፉ ከተዘጋ በኋላ ከራሱ በቀር ምስክር የለውም።

«ማንም ካላየው ምን ጐዳ?» የሚል ቢኖር ይህን ይስማ። በ1978 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር አንድ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን በኦሳካ ሲያርፍ ጭራው መሬት ነክቶ ተጐዳ። የኋላውን የግፊት ግድግዳ የጠገኑት ሰዎች አንድ ወጥ መሆን የሚገባውን ማያያዣ ቆርቆሮ ከሁለት ከፍለው አገቡት፤ ስለዚህ ሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከመው የሚገባውን ኀይል አንድ ረድፍ ብቻ ተሸከመው። ስሕተቱ ተሸፍኖ 7 ዓመት በረረ። በ1985 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ግድግዳው ተቀደደና 520 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። የተሰወረ ነገር ቀኑን ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። የተበላሸ ሪቬት ሁሉ ይነቀል ዘንድ ይገባልን? ሪቬት የሚነቀለው ራሱ በመሰርሰሪያ ተሰርስሮ ነው፤ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ሲሰረስር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፥ ቆርቆሮውንም ያቈስለዋል፤ አዲሱም ከፊተኛው የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ከልክ እጅግ ያልራቀውን መተው እንደሚሻል ይመክራሉ።

ታዲያ መተው ስንፍና ነውን ወይስ ጥበብ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን የሚለያቸው የልብ አሳብ ነው። መለኪያውን አኑሮ፥ ልኩን አይቶ «ይህ ይሸከማል» ብሎ የተወ ሰው ፈርዷል። ሳይለካ «ማን ያየዋል» ብሎ የተወ ግን ሸሽቷል። የሚሸከመውንም ሪቬት መልኩ ስላላማረው ብቻ የነቀለ ሰው ለተሳፋሪው ሳይሆን ለገዛ ክብሩ ሠርቷል።

የዚያው አገር ሕግ በእንዲህ ያለ አውሮፕላን ውስጥ ለተሳፋሪው ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዛል፤ አውሮፕላኑ ለመደበኛ አውሮፕላኖች የተሠራውን የደኅንነት ደንብ ያልተከተለ መሆኑን ይነግረዋል። የትኛው ሪቬት እንደ ተበላሸ ግን ጽሑፉ ሊነግረው አይችልም። ስለዚህ ሠሪው ክንፉን ሳይዘጋ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ ጎረቤቴ ልጁን በዚህ ሊያሳፍር ቢመጣ፥ አይቼ የተውሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ልነግረው እደፍራለሁን? የሚደፍር ከሆነ ይዝጋ፤ የማይደፍር ከሆነ ግን መለኪያውን እንደ ገና ያንሣ።