ከነደረሰኙ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?



የዛሬው ማስታወሻችን ከመስጂድ ሳይሆን ከሱቅ ይጀምራል።

አቃቂ የምትኖሩ ክረምት ሊገባ ሲል ያለውን ሩጫ ታውቁታላችሁ። ቤቱ የሚያፈስበት ሁሉ ቆርቆሮና ሚስማር ፍለጋ ይወጣል። እኔም የእናቴን ቤት ጣሪያ ለማስቀየር ወደ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ዕቃው ተቆጥሮ ሲያልቅ ባለሱቁ ስልኩ ላይ ሒሳቡን እየደመረ፣ "ወንድሜ፣ ከነደረሰኙ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?" አለኝ።

"ልዩነቱ ምንድነው?"

"ያለ ደረሰኝ 40 ሺህ። በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 ፐርሰንት ይጨመርበታል፣ 46 ሺህ።"

ብዙም አላሰብኩም። 6 ሺህ ብር ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነው። 40 ሺውን ከፍዬ፣ ዕቃውን በጋሪ አስጭኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ "አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አገራልኝ" ማለቴን አስታውሳለሁ።

ቤት ስደርስ ለታላቅ እህቴ ስንት እንዳተረፍኩ ነገርኳት። እሷ እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ደመወዟ 8 ሺህ ብር ነው። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "እኔንስ በየወሩ ከነደረሰኙ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ ብሎ የሚጠይቀኝ አጣሁ" አለች። ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ንግግሯ አብሮኝ ከረመ።

እስቲ አብረን እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀድሞ ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። 8 ሺህ ብር የሚከፈላት እህቴ በየወሩ 1,150 ብር ግብር ትከፍላለች። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 560 ብር ሲታከልበት፣ 1,710 ብር እጇ ሳይገባ ይቆረጣል። እኔ በአንድ ከሰዓት ያስቀረሁት 6 ሺህ ብር እሷ ከአምስት ወር በላይ የምትከፍለው ግብር ማለት ነው። እሷ መደበቂያ የላትም። እኔ ግን ተጠየቅኩ፣ መረጥኩም።

ይህን የምጽፈው "ግብር ዝም ብላችሁ ክፈሉ" ለማለት አይደለም። ሰው ግብር ሲባል ፊቱ የሚጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የነበረውን አስታውሱ። የሒሳብ መዝገብ የማይዙ የደረጃ "ሐ" ነጋዴዎች የቀን ሽያጫቸው በገማቾች ተገምቶ ተነገራቸው። ብዙዎች "ይህን በሳምንትም አልሸጥም" አሉ። እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ።

የነጋዴውንም ሐቅ እንስማ። አንድ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ "እኔ ደረሰኝ መስጠት ጠልቼ አይደለም። ያከፋፈለኝ ሰው ለእኔ ደረሰኝ አይሰጠኝም። ስገዛ የከፈልኩትን ቫት የማሳይበት ወረቀት ከሌለኝ፣ ከምሰበስበው ላይ የማቀናንሰው የለኝም፤ ሙሉውን እኔ ልከፍል ነው። ጎረቤቴ ያለ ደረሰኝ እየሸጠ እኔ 15 በመቶ ብጨምር ደግሞ ማን ይገዛኛል?" እውነቱን ነው። ቫት ከአስመጪው እስከ ባለሱቁ የተያያዘ ሰንሰለት ነው። ከላይ ሲበጠስ ሸክሙ የሚወድቀው ከታች ባለው ላይ ነው።

የነዋሪውም ጥያቄ አለ። ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚገቡትን ከባድ መኪኖች በየቀኑ እናያለን። በደጃችን ይህን ያህል ቀረጥ ይሰበሰባል፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። "ግብሬ የት ገባ?" ብሎ መጠየቅ ወንጀል አይደለም፤ የከፋይ ሐቅ ነው።

ታዲያ ከእኛ ወጣቶች መካከል አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ አንድ እርምጃ ይጨምራል። "ወንድሜ፣ ግብር በዲናችንም መክስ ነው፣ ሐራም ነው። እኔ ዘካዬን ካወጣሁ ይበቃኛል" ይላል።

መክስን የሚመለከቱ ከባድ ማስጠንቀቂያዎች በሐዲሥ መምጣታቸው እውነት ነው። ኡለማዎች የሰውን ገንዘብ በግፍ የሚወስድን ሰብሳቢ አጥብቀው አውግዘዋል። ነገር ግን የግብርን ነገር በዚያ አልዘጉትም። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ሒጅራ ያረፉት) "አል-ሙስተስፋ" በተባለው ኪታባቸው፣ ኢማም አሽ-ሻጢቢይም (በ790 ሒጅራ ያረፉት) "አል-ኢዕቲሷም" ውስጥ፣ የሕዝብ ካዝና ባዶ ሲሆንና የሕዝብ ጉዳይ ሲያስገድድ መሪው አቅም ካላቸው ላይ በፍትሕ መጣል እንደሚችል ጽፈዋል። ዘካን በተመለከተ ደግሞ ተቀባዮቹ 8 ክፍሎች በቁርኣን ተለይተው ተቀምጠዋል። የአስፋልትና የመንገድ መብራት ወጪ በአብዛኞቹ ኡለማዎች ዘንድ ከእነሱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዘካ ግብርን አይተካም፣ ግብርም ዘካን አያወርድም።

እዚህ ላይ የኢዝ ኢብኑ ዐብዲሰላምን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ሞንጎሎች ባግዳድን አፍርሰው ወደ ግብፅ ሲገሰግሱ ሱልጣን ቁጡዝ ለጦርነቱ ከሕዝቡ ግብር መሰብሰብ ፈለገ። ዓሊሙ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡለት፦ መጀመሪያ አሚሮቹ ያላቸውን ወርቅና ጌጥ ያውጡ፤ ከተራው ሰው ጋር እኩል ይሁኑ፤ ያ ካልበቃ ከሕዝቡ ይወሰድ። ከዚያ በኋላ ነው በ1260 እ.ኤ.አ. የዓይን ጃሉት ጦርነት የተካሄደው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው፣ ፍትሕ መሪ ለሕዝቡ የሚሰጠው ስጦታ ሳይሆን ገንዘቡን ለመጠየቅ ራሱ ማሟላት ያለበት ነገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዓሊሙ ይህን የተናገሩት ለባለሥልጣኑ፣ በፊቱ ነው። ነጋዴዎቹን ለብቻ ጠርተው "ዕቃችሁን ደብቁ፣ ሒሳባችሁን አሳንሳችሁ ንገሩ" አላሉም።

የእኔ ስህተት የነበረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርጌ ነበር። አንዱ "ይህ ግብር ፍትሐዊ ነው ወይ?" የሚል ነው። ሌላው "እኔ ስሸሽ የእኔ ድርሻ በማን ላይ ያርፋል?" የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ "አይደለም" ቢሆን እንኳ፣ ሁለተኛው ሳይመለስ ይቀራል። እኔ ያለ ደረሰኝ ስገዛ ያ ግምት ያበዛው ገማች አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም። ጉቦ የሚጠይቀው ሠራተኛ አይቀጣም። የጎደለው ከሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ የሚገኘውም መሸሽ ከማይችለው፣ ደመወዙ ገና ሳይከፈለው ከሚቆረጥበት ነው። ግፍን የተቃወምኩ መስሎኝ ግፉን ወደ እህቴ አሻግሬዋለሁ።

እኛ የአቃቂ ልጆች ይህ አይጠፋንም። የአቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ነው ወደ እኛ የሚደርሱት። ከላይ ያለው እያንዳንዱ ሰው "የእኔ አንድ ባልዲ ቆሻሻ ምን ያመጣል?" እያለ ያፈሳል። ማንም ብቻውን ወንዙን አላበላሸም። ታች ያለነው ግን የሁሉንም ድምር እናሸታለን። ያለ ደረሰኝ የሚደረግ ግብይትም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ነው፣ ድምሩ የሚደርሰው ታች ላለው ነው።

ነጋዴ ለሆናችሁ ወንድምና እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋው ቫት የተጨመረበት ሆኖ ደረሰኝ ካልተቆረጠ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ያ 15 በመቶ የእናንተ ትርፍ አልነበረም። ገዢው ለሕዝብ ካዝና እንዲደርስ በእጃችሁ ያስቀመጠው አማና ነው። "መንግሥት ያባክነዋል" የሚለው ምክንያት አማናን ለራስ ማድረጊያ ፈቃድ አይሆንም። በሚዛን ስለሚያጎድሉ ሰዎች አንድ ሙሉ ሱራ፣ አል-ሙጠፊፊን፣ መውረዱን እናውቃለን። ዛሬ ሚዛኑ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም ጭምር ነው።

በገቢዎች መሥሪያ ቤት ለምትሠሩ ወይም ለመሥራት ለምታስቡም መልእክት አለኝ። የኢብኑ ሉትቢያን ታሪክ አትርሱ። ዘካ ሰብስቦ ሲመለስ "ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው" ሲል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰው ፊት ነቀፉት፤ በእናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። ከነጋዴው ጋር ተደራድሮ ግምት የሚያሳንስ ሠራተኛ ከድሃው ጭምር ይወስዳል።

በዛብኝ የሚል ምን ያድርግ? መዝገብ ይያዝ፣ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቅርብ። የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አለ። እርግጥ ወደ ኮሚሽኑ ለመሄድ የሚከራከሩበትን ግብር ግማሽ ማስያዝ ግድ ነው፤ ይህ ለትንሽ ነጋዴ ቀላል አይደለም፣ ይህንንም "ይስተካከል" ማለት ተገቢ ነው። በአደባባይ መሟገት ከመደበቅ ይከብዳል። ግን የሚሟገት ሰው ለጎረቤቱም መንገድ ይከፍታል፣ የሚደበቅ ሰው የሚያድነው ራሱን ብቻ ነው።

ባለፈው ለዚያው ጣሪያ አሸንዳ አስፈለገን። ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። 8 ሺህ ብር አለኝ፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ከነደረሰኙ" አልኩት። 9,200 ብር ከፈልኩ። ባለሱቁ ትንሽ ገርሞት አየኝ፤ ከዚያ ማሽኑን ከጠረጴዛው ሥር አወጣው። 1,200 ብሯ ታማለች፣ አልዋሽም። የመጀመሪያው 6 ሺህ ብር ግን አሁንም ከህሊናዬ አልወረደም። የሕዝብ ሐቅ ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም፤ በሩን አንኳኩቶ "አውፍ በለኝ" የሚሉት የለም። አንድ ጣሪያ ሥር፣ በዚያው ቆርቆሮ ሥር የምታድረው እህቴ ግን ከባለቤቶቹ አንዷ ናት።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ስትገዙ ወይም ስትሸጡ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ከመመለሳችሁ በፊት ደመወዙ ተቆርጦ የሚደርሰውን አንድ የቤተሰባችሁን ሰው አስቡ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በጥቂቱም በረካ ይስጠን። የሰው ሐቅ ተሸክመን ፊቱ ከመቆም ይጠብቀን። በእኛ ላይ የተሾሙትን ፍትሕ ያልብሳቸው። አሚን።