ሰው ሲለቅ የምትቀር ድመት

አንባቢ ሆይ፣ አንድ መድረክ በዐይነ ኅሊናችን እንዘርጋ። ቦታው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የጊች አምባ ነው። ጅብራው በጉም ውስጥ ቆሟል፤ የገብሱ ማሳ ባዶ ነው፤ ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ክዳኑ ከተነሣ ቤት፣ ከቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ አንዲት ድመት ተቀምጣለች።

ድመቷ የጸሐፌ ተውኔት ፈጠራ ናት። የሰዎቹ መውረድ ግን ፈጠራ አይደለም። ከ400 በላይ የጊች አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው በደባርቅ የሠፈሩበት ሥራ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ሊወጣ ከቻለባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው የነዋሪዎቹ መልቀቅ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሰው አንድን ቦታ ሲለቅ፣ በዚያ ለነበረው ነፍስ ያለው ኃላፊነትም አብሮ ይለቀዋልን?

«ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ ቀዬ ተነሥቶ ሳለ ስለ ድመት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ከሞፈርና ከግጦሽ ተለይቶ ከተማ የገባ ገበሬ ድመቱን ሳይዝ ቢወርድ ልንፈርድበት አይገባም። ይሁን እንጂ ርኅራኄ እንደ እህል ተሰፍሮ የሚያልቅ፣ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚጎድል ነገር አይደለም። ፈላስፋው ካንት ለእንስሳ መራራት የሚገባን በእንስሳ ላይ የተለመደ ጭካኔ ወደ ሰው ስለሚሸጋገር ነው ባይ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ለድመት ያለብን ነገር ለሰው ደግ ለመሆን የምንለማመድበት ብቻ ሳይሆን፣ ለራሷ የምንከፍለው ዕዳ ነው።

ዕዳው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከጎተራው ነው። የሰው ልጅ እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላም ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት የዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት መገኘቱ በ2004 ይፋ ሆኗል። የእኛም ደገኛ ገብሱን የሚያስጠብቀው በድመት ነው። ነገር ግን የቤት ሀብት ሲቆጠር በሬው፣ ላሙ፣ በጉና በቅሎው ይቆጠራል፤ ድመትን የሚቆጥራት የለም። በጥቅሟ ጊዜ የቤት፣ በችግሯ ጊዜ የዱር ትሆናለች።

የጊች ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በእስልምና ትውፊት ድመት አስራ በረኃብ ስለገደለች ሴት የሚነገረውን ታሪክ ያውቁታል። በዚያ ታሪክ የሴትዮዋ ጥፋት ድመቷን አለመውደዷ አይደለም። ራሷ አልመገበቻትም፤ ወጥታ እንዳታድንም አልለቀቀቻትም። ጥገኛ አድርጎ መንፈግ፣ ኃጢአቱ ይህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በየከተሞቻችን ሁለት መልሶች ተለምደዋል፤ አንዱ መርዝ፣ ሌላው ትርፍራፊ ነው። መርዙ ጨካኝ ከመሆኑም በላይ ከንቱ ነው። ምግቡና መጠለያው እስካለ ድረስ በሞተችው ድመት ቦታ ሌላ ትተካለች፤ የተመረዘውንም ሥጋ ጥንብ አንሳው ይበላዋል። ትርፍራፊው ደግሞ የደግነት መልክ አለው። ነገር ግን ድመት በሁለት ወር እርግዝና በዓመት ደጋግማ ትወልዳለች። ዛሬ ለአንዲቱ የወረወርነው ቁራሽ ነገ ለአምስት አይበቃም፤ ግልገሎቹ በየቱቦው ሲያልቁ ወርዋሪው ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። እንዲህ ያለው ርኅራኄ የሚያጠግበው የሰጪውን ልብ ነው።

በጊች ላይ ነገሩ ይብሱን ይከብዳል። በዚያ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በመላ አገራችን የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ዋና ምግቡ የደጋ አይጥ ነው። ድመትም የምታድነው ያንኑ ነው፤ ብትጠግብም ማደኗን አትተውም። ከዱር ድመት ጋር ተዳቅላ የዚያን ዘር ታደበዝዛለች። የእብድ ውሻ በሽታም ይይዛታል። በሽታው ከቤት ውሾች ወደ ባሌ ቀይ ቀበሮዎች ተዛምቶ በ1991–92 እና በ2003 ያደረሰው እልቂት ትልቅ ትምህርት ነው። ስለዚህ «ነፍስ ናት፤ ተዋት» ብሎ ማለፍ ለምናያት ራርቶ በማናያቸው ላይ መጨከን ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ አድካሚ ነው፤ ይኸውም መከተብ፣ ማምከንና ባለቤት መስጠት ነው። በባሌ ተራሮች ዙሪያ የገበሬውን ውሻ በመከተብ ቀይ ቀበሮውን መጠበቅ ተችሏል፤ ገበሬውም ልጁም ከንክሻው ሞት ይድናሉ። በሌሎች አገሮች ባለቤት የሌላትን ድመት ይዘው፣ አምክነውና ከትበው፣ ለምልክት የጆሮዋን ጫፍ ቆርጠው ወደ ሠፈሯ ይመልሷታል። ይህ ለደባርቅና ለዳባት ገበያ ዳር ይሠራል። ለፓርኩ ግን አይሠራም። በአምባው የተገኘች ድመት ወርዳ፣ አይጥ ለሚያስቸግረው ጎተራ ልትሰጥ ይገባል። ተቀባይ ከጠፋና ሌላ መላ ከሌለ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ መሞቷ ከመርዝና ከረኃብ ይሻላል። ይህን መናገር ይከብዳል፤ ነገር ግን የሚከብደውን የማይሸከም ርኅራኄ ስሜት እንጂ ምግባር አይባልም።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያልን ለዘመናት ተርተንባታል። እርሷ ዓመሏን አልረሳችም፤ የረሳነው እኛ ነን፣ ያውም ማን ከዱር እንደጠራት። መምህራን ተማሪዎቻቸውን የሠፈራቸውን ድመቶች ያስቆጥሯቸው፤ መቆጠር የኃላፊነት መጀመሪያ ነውና። የሠፈራ ዕቅድ የሚያወጡም ከበሬና ከላም ቀጥሎ ለውሻና ለድመት አንድ መስመር ይተዉ። እኛም የኪነ ጥበብ ሰዎች መጋረጃውን ለመጣል አንቸኩል። የመጨረሻው በቅሎ ከተጫነ በኋላ፣ አንድ ሰው ቅርጫት ይዞ ወደዚያ ምድጃ መመለስ አለበት።