የዮርዳኖስ ዕዳ

ዮርዳኖስ የሚነሣው ከሄርሞን ተራራ ግርጌ ከሚፈልቁ ምንጮች ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ የገሊላ ባሕር ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ ያርሙክንና ሌሎች ገባሮችን እየተቀበለ ሙት ባሕር ላይ ያበቃል። ከገሊላ እስከ ሙት ባሕር ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ወንዙ ግን እየተጠማዘዘ የዚያን እጥፍ ያህል ይጓዛል። የታችኛው ዮርዳኖስ የሚባለው ይህ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ዊልያም ሊንች የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ከብረታ ብረት በተሠሩ ሁለት ጀልባዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርዶበታል፤ በየመንገዱም ጀልባ የሚያላትም ኃይለኛ ወራጅ ገጥሞታል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወንዙ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ለሙት ባሕር ያስረክብ ነበር። ዛሬ የሚያደርሰው የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ወንዙን ያደረቀው በዋናነት የሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል የገሊላን ውኃ ወደ ጠረፍ ከተሞቿና ወደ ደቡቡ በረሃ የሚወስደውን ብሔራዊ የውኃ መስመር ከፈተች። ጆርዳን ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ መቆፈር በጀመረችው ቦይ የያርሙክን ውኃ ወደ ሸለቆው እርሻ መለሰች። ሶርያም የያርሙክን ገባሮች በግድብ ዘጋች። ሦስቱም የየራሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው፦ የሚሰፍር ስደተኛ፣ የሚጠማ ከተማ፣ የሚለማ መሬት። ወንዙ ግን ከሦስቱም ጋር ለመደራደር አፍ አልነበረውም። በቦታው የቀረው አብዛኛው ውኃ ገሊላን ጨዋማ እንዳያደርግ ከጨዋማ ምንጮች ተጠልፎ የሚለቀቅ፣ ከዓሣ ኩሬና ከእርሻ የሚተርፍ፣ ከየሰፈሩ የሚወርድ ፍሳሽ ነው።

የጉዳቱ መጠን ጎልቶ የሚታየው ከኢያሪኮ በስተ ምሥራቅ፣ ክርስቶስ ተጠመቀበት ተብሎ በሚከበረው ስፍራ ነው። እዚያ የወንዙ ስፋት ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። ከግራም ከቀኝም ደረጃ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ነጭ የለበሱ ተሳላሚዎች መደገፊያውን ይዘው ቡናማው ውኃ ውስጥ ይጠልቃሉ። በአንዱ ዳር የሚዘመረው መዝሙር በሌላው ዳር ላለው ሰው በግልጽ ይሰማዋል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው የአገር ድንበር ነው።

ይህን ወንዝ በሕዝብ ገንዘብ መመለስ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከወጪው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ጥናት የታችኛው ዮርዳኖስ ጤናው እንዲመለስ በዓመት ከ400 እስከ 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል ብሏል። በዘመናዊና ትልቅ ፋብሪካ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ከጨው ለማጣራት ግማሽ ዶላር ገደማ ይፈጃል። ከጥናቱ ዝቅተኛውን መጠን ብቻ ይዞ ቢሰላ፣ ለወንዙ ለሚለቀቀው ውኃ ምትክ ማቅረብ ማጓጓዣውን ሳይጨምር በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ይህ እንደ ድልድይ አንዴ ተሠርቶ የሚመረቅ ሳይሆን በየዓመቱ በጀት ላይ የሚመጣ ወጪ ነው። እስካሁን የተደረገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፦ እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከገሊላ ጥቂት ውኃ መልቀቅ ጀምራለች፤ በ2022 ደግሞ እስራኤልና ጆርዳን ወንዙን ለማዳን በሻርም አል ሼክ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል።

ከገንዘቡ የሚከብደው ግን ጥሙ ነው። በአንድ አገር ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ውኃ ከ500 ሜትር ኩብ ካነሰ አገሪቱ በከፋ የውኃ እጥረት ውስጥ እንዳለች ይቆጠራል። ጆርዳን ውስጥ የሚደርሰው ከ100 በታች ነው። አማን ከተማ ብዙ ቤት የቧንቧ ውኃ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ በቀሩት ቀናት ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ሮቶ ይቀዳል። የሮቶውን ወለል እያንኳኳች የቀረውን ውኃ ለምትገምት እናት፣ ወደ ጨው ባሕር ለሚፈስ ወንዝ ውኃ መልቀቅ ብክነት ቢመስላት አይፈረድባትም።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ሙግት በሚዛን ለመዳኘት ይሞክራሉ። በአንድ በኩል ወጪውን፣ በሌላ በኩል ከወንዙ መመለስ የሚገኘውን የቱሪስት ገቢ፣ የሚተርፈውን እርሻ፣ በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ እየወረደ ዳርቻው በሺዎች በሚቆጠሩ ጉድጓዶች ከሚፈርሰው ሙት ባሕር የሚድነውን ንብረት ያስቀምጣሉ። ገበያ ለማይተምነው ነገርም ሕዝቡን ‹ወንዙ ቢመለስ ስንት ትከፍላላችሁ› ብለው ይጠይቃሉ። ስሌቱ ጥቅም አለው፤ ያልተሰላ ነገር በበጀት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ዜሮ ይቆጠራልና። ነገር ግን ሚዛኑ የሚሰማው ኪስ ያለውን ነው። ድሃው ወንዙን የቱንም ያህል ቢወድ የሚጠራው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ያልተወለደው ልጅና በውኃው የሚኖረው ፍጥረት ደግሞ ከነጭራሹ አይጠየቁም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በምትክ ሊተካ የሚችለውን ነገር ባለ ዋጋ፣ ምትክ የሌለውን ደግሞ ባለ ክብር ብሎ ለይቶ ነበር። ካንት ክብሩን የሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለወንዝ አይደለም፤ ሆኖም ልዩነቱ እዚህም ያገለግላል። የተወሰደው ውኃ በሌላ ውኃ ይተካል፤ ዮርዳኖስን የሚተካ ሌላ ዮርዳኖስ ግን የለም።

የሚዛኑ ዋና ጉድለት ግን ጥያቄውን እንደ ግዢ መቁጠሩ ነው። ገዢ ‹ዕቃው ገንዘቡን ያወጣል ወይ› ብሎ ይጠይቃል፤ ካላወጣለት ትቶት ይሄዳል። ባለዕዳ ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ አይችልም። ውኃው ተወስዷል፤ ከተማ ተገንብቶበታል፤ ፍሬ ተለቅሞበታል፤ ትርፉም ተበልቷል። የወንዙ ድርሻ ግን በማንም መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አልተጻፈም። ስለዚህ ወንዙን ለመመለስ የሚከፈለው ገንዘብ አዲስ ነገር መግዣ ሳይሆን ሳይከፈል የቆየ ሒሳብ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በፍርድ ቤት ተፈትኖ ያውቃል። በካሊፎርኒያ የሳን ዋኪን ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1942 የፍራያንት ግድብ ከተሠራበት በኋላ ውኃው ወደ እርሻ ተመለሰና 95 ኪሎ ሜትር ያህሉ ደረቀ፤ በጸደይ ከውቅያኖስ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው የሳልሞን ዓሣም ከዚያ ጠፋ። የግዛቲቱ ሕግ ግን የግድብ ባለቤት ከታች ላለው ዓሣ የሚበቃ ውኃ እንዲለቅ ያዝዝ ነበር። በ1988 ክስ ተመሠረተ፤ በ2004 ዳኛው ሕጉ ተጥሷል ብሎ ወሰነ፤ በ2006 ገበሬዎቹ፣ መንግሥትና ከሳሾቹ ታረቁ። ውኃ በ2009 መለቀቅ ጀመረ፤ በ2019 ሳልሞኖች ከ60 ዓመት በላይ ተለይተውት ወደ ነበረው ወንዝ ከባሕር ተመለሱ። በዚያ ክርክር ሕጉ የጠየቀው ዓሣው ስንት እንደሚያወጣ ሳይሆን ድርሻው ተሰጥቶት እንደሆነ ነበር።

በዕዳው ሐሳብ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል። የመጀመሪያው የዛሬው ግብር ከፋይ ውኃውን አልወሰደም የሚል ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ውኃ የበለጸገውን ከተማና ማሳ የወረሰው እርሱ ነው፤ ሀብቱን ተቀብሎ ዕዳውን መካድ በየትኛውም ውርስ አያስኬድም። ሁለተኛው ዕዳው የማን ነው የሚል ነው። እኩል ያልወሰዱ እኩል ሊከፍሉ አይገባም። ከ1967 ወዲህ ከወንዙ ለመቅዳት ዕድል ያላገኙት ፍልስጤማውያን ከባለዕዳ ይልቅ ከባለገንዘብ ይቆጠራሉ። በጦርነት የደቀቀችውን ሶርያንም አሁን ክፈይ ማለት ይከብዳል። ውኃን ከባሕር አጣርታ ከተሞቿን ለማጠጣት የደረሰችው እስራኤል ብዙ ወስዳለች፤ የመመለስ አቅሟም ከሁሉ ይበልጣል።

የዕዳ ክፍያ ግን ከተጠማ አፍ ተነጥቆ አይፈጸምም። በዚህ ረገድ የአካባቢው ሃይማኖቶች ረጅም ዘመን አስበዋል። ታልሙድ ውስጥ ረቢዎች የአንድ ከተማ ምንጭ ለባለከተማውና ለጎረቤት ከተማ ባይበቃ ማን ይቅደም ብለው ይከራከራሉ። የራስ ሰው ሕይወት ከባዕድ ሕይወት ይቀድማል፤ የባዕድ ሕይወት ግን ከራስ ልብስ እጥበት ይቀድማል ይላሉ። ረቢ ዮሴ ግን የራስ እጥበትም ቢሆን ይቀድማል ብለው ይለያሉ። በእስልምና ሕግም የተጠማ ሰውና እንስሳ ከውኃ የመጠጣት መብታቸው ከመስኖ መብት በላይ ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች ‹ውኃ ለማን› ከማለታቸው በፊት ‹ውኃ ለምን› ብለው ይጠይቃሉ። ይህ መለኪያ ለዮርዳኖስ ሲውል ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ጆርዳን ከምትጠቀመው ውኃ ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለእርሻ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ብዙ ውኃ የሚጠጣው ሙዝ ሳይቀር ይተከላል። ወደ ከተማ መስመር ከሚገባውም ግማሽ ገደማው በፍሳሽና በስርቆት ሒሳብ ሳይከፈልበት ይጠፋል። ስለዚህ ወንዙ የሚሻማው ከእናቲቱ ሮቶ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሙዙና ከሚያንጠባጥበው ቧንቧም ጋር ነው። ለሮቶው ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው፤ ለሌሎቹ ግን አይደለም።

የዮርዳኖስ ቅድስና ከዚህ ሙግት ውስጥ የት ይገባል? በመጽሐፈ ነገሥት የሶርያው ጦር አለቃ ለምጻሙ ንዕማን ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ሲለው ተቆጥቶ፣ የደማስቆዎቹ አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ እንደሚሻሉ ተናገረ።  የዳነው ግን ወደ ናቀው ወንዝ ወርዶ ነው። ከዚህ የሚቀዳው ትምህርት ሁለት ስለት አለው። የወንዝ ክብር በውኃው ጥራትና ብዛት አይለካም ካልን፣ የቀነሰው ዮርዳኖስም ቅዱስ ነው፤ ታዲያ ለምን ይጨመርበታል ሊባል ይችላል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ይህን ክርክር የሚያጠናክር ይመስላል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት የሚከፍለው ከዓለት የተፈለፈለ ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል፤ በበጋ ደረቅ ቢሆንም ስሙን አላጣም። ለጥር 11 የጥምቀት በዓል ታቦት ወርዶ የሚያድርበት ውኃ ሁሉ፣ ኩሬም ይሁን ጅረት፣ ለዚያ ቀን ዮርዳኖስ ነው። ይሁንና ይኸው ልማድ ሌላም ነገር ያስተምራል። አብዛኛውን ዓመት ባዶ ሆኖ የሚከርመው የጎንደር የፋሲል ጥምቀተ ባሕር በዓሉ ሲቀርብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ተስቦ ይሞላል። ውኃው ምን ያህል ያተርፋል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ምልክት ያለ ውኃ ምልክት እንደማይሆን ሕዝቡ ያውቃል። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች የሥርዓት መጽሐፍም ለጥምቀት የሚፈስ ውኃን ያስቀድማል፤ ካልተገኘ ብቻ በሌላው ይፈቅዳል። እምነት በጥቂት ውኃ መኖር ይችላል፤ መቻሉ ግን ቅዱሱን ወንዝ የፍሳሽ መውረጃ ለማድረግ ፈቃድ አይሆንም። ለጥምቀት የሚወርድ ሰው የሚሻው ሕያው ውኃን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የሚመለሰው ወንዝ ወንዝ ነው ወይ የሚል ነው። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ሮበርት ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጽሑፍ፣ ተበላሽቶ የተጠገነ ተፈጥሮ ከተቀዳ ሥዕል ጋር ይመሳሰላል፤ መልኩ አንድ ቢሆንም ታሪኩ ሌላ ነው ሲል ተከራከረ። በሴዉል መሐል ያለው ቾንግጌቾን ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጅረቱ በኮንክሪት ተሸፍኖ በላዩ የመኪና መንገድ አልፎበት ነበር። ከ2003 ጀምሮ መንገዱ ፈርሶ በ2005 ስድስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውኃ ዳር መናፈሻ ተከፈተ። ሰፈሩ ቀዝቅዟል፤ ሕዝቡ ወዶታል፤ ዓሣና ወፍ ተመልሰዋል። የሚፈሰው ውኃ ግን በብዛት ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነው፤ ፓምፑ ከቆመ ጅረቱም ይቆማል። ይህ ለከተማ መልካም ሥራ ነው፤ የዕዳ ክፍያ ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላ ወንዝ ተበድሯልና። በሳን ዋኪን ደግሞ ግድቡ ሳይፈርስ የወንዙ የራሱ ውኃ ተለቀቀለት። የኤልየት ትችት የሚመታው ሰው ወንዝ ሲያስመስል ነው። ሰው እጁን ሲያነሣና የተፈጥሮ ውኃ በተፈጥሮ መንገዱ ሲወርድ ትችቱ ጉልበቱን ያጣል።

እንግዲህ የደረቀ ወንዝን መመለስ ለሕዝብ ወጪ የሚበቃው በሦስት ሁኔታዎች ነው። ውኃው በሰው ተወስዶ ከሆነና የወሰደው ወይም የወረሰው አካል የመክፈል አቅም ካለው፤ የሚለቀቀው ውኃ ከመጠጥ ሳይሆን ከብክነትና ከቅንጦት የሚቆረጥ ወይም በምትክ የሚሸፈን ከሆነ፤ የሚመለሰውም የወንዙ የራሱ ፍሰት እንጂ ምስሉ ብቻ ካልሆነ። የታችኛው ዮርዳኖስ ሦስቱንም ያሟላል። 1.3 ቢሊዮኑን ሜትር ኩብ ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም፤ በሸለቆው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በሚሊዮኖች ጨምሯልና። ይህ ግን ሥራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ግማሽ ዋጋ የከፈለ ገዢ ዕቃውን አይረከብም፤ ዕዳ ግን በከፊል ሲከፈልም ይቃለላል። በየዓመቱ ከገሊላ የሚለቀቀው ጥቂት ውኃ በከፊል እንደተከፈለ ዕዳ ይቆጠራል፤ ቀሪው ዕዳም ባለበት ይጠብቃል።