አምስት ስም የተጻፈበት የአንድ ሰው ሥራ

ባለፈው ጥቅምት፥ ዝናሙ ካቆመ በኋላ፥ በየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ለማየት ወጣሁ። አብሮኝም አንድ የሰፈሬ ልጅ ነበረ፤ በኮሌጅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት የሚማር፥ ሊመረቅ አንድ ዓመት የቀረው ነው። በመንገድ ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ፥ «የኔታ፥ ከሰው ጋር መሥራት የማያስፈልገው ሥራ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የባሕታዊ ኑሮ ያማረው መስሎኝ ሳቅሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አምስት ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ በኅብረት እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ሁለቱ አልመጡም፤ አንዱ መጥቶ ስልኩን ሲነካካ አመሸ፤ አራተኛይቱ «የታዘዝሁትን እሠራለሁ» ብላ የሚያዛት አጣች። ይህ ልጅ ሦስት ሌሊት ብቻውን ጽፎ በመጨረሻ የአምስቱንም ስም አኖረበት፤ አምስቱም እኩል ነጥብ አገኙ። «ስማቸውን ብተወው ወዳጆቼን እጎዳለሁ፤ ባኖረው ደግሞ ዋሸሁ። የመሥሪያ ቤት ኑሮም እንዲህ ከሆነ ምን ልሁን? ባንክ ልግባ፥ ላስተምር፥ ወይስ ብቻዬን ልነግድ?» አለኝ።

የሚያስደንቀው፥ ጭንቀቱን የሚማረው መጽሐፍ አስቀድሞ ማወቁ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 አልቺያንና ዴምሴትዝ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ስለዚሁ ጽፈዋል። ልጁ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ሁለት ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው በአጠገባችን ወረዱ። «የእያንዳንዳቸው ሸክም ቢመዘን ይታወቃል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ከባድ ዕቃ በኅብረት ቢያነሡ ግን ማን እንደ ደከመ፥ ማን እጁን ብቻ እንዳስነካ አይለይም» አለ። ስለዚህ አንድ ተቆጣጣሪ ይሾም፤ እርሱም እንዳይሰንፍ ለሠራተኞቹ ተከፍሎ የሚተርፈው ለእርሱ ይሁን፤ ድርጅት የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው ይላሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1982 ሆልምስትሮም የተባለው የፊንላንድ ሰው፥ ሠራተኞች የሥራውን ፍሬ በሙሉ እርስ በርሳቸው ብቻ ከተካፈሉት፥ እያንዳንዱ የድካሙን ሙሉ ዋጋ ስለማያገኝ መለገም እንደማይቀር በስሌት አሳየ። እርሱም በ2016 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተቀበለ።

እኔ ይህን ስሰማ ያገሬ ገበሬ ትዝ አለኝ። ወንፈል ሲሆን ቀን በቀን ይቈጠራል፤ ትናንት ያረስሁለት ነገ ያርስልኛል። ደቦ ሲሆን ባለ ሥራው ጠላውን ጠምቆ፥ ምግቡን አሰናድቶ ይጠራል እንጂ ድካም በስፍር አይመለስም። በእድርም ከቀብር የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ ከከፈለ በኋላ ማንም አይጠላውም። ገበሬው ወንፈልና ደቦን አይቀላቅልም። ይህ ልጅ ግን በደቦ ልብ ገብቶ፥ ሥራው ሲያልቅ በሆዱ የወንፈል ሒሳብ ያዘ፤ ለወዳጆቹም ሒሳቡን አልነገራቸውም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምናገረው ከልጁ የባሰ ስለ በደልሁ ነው። በወጣትነቴ በጎጃም ቅኔ ስማር አኮፋዳ ይዘን ቁራሽ እየለመንን ያገኘነውን አብረን የምንበላ አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። ማታ ማታ የየዕለቱን ቅኔ ለመምህራችን እናቀርባለን። እርሱ አልሆንልህ ቢለው አዘንሁለትና አንድ ጉባኤ ቃና ሰጠሁት፤ በማግስቱም ሌላ፤ እንዲህ እያልን ከረምን። ቁራሽ እንደምናካፍል ቅኔም የምናካፍል መስሎኝ ነበር። መምህራችን አመስግኖ ወደ ላይኛው ቅኔ አሳለፈው፤ ወዳገሩ ተመልሶም በአንድ ደብር ተቀጠረ። በበዓል ቀን ቅኔ አቅርብ ቢሉት በሕዝብ ፊት ቆሞ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሲያገኘኝ፥ «ያን ጊዜ ብትነፍገኝ እማር ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ይህን ስጨርስ ከዋሻው ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለት የተፈለፈለ ነው፤ የትኛውን ዓምድ ማን እንደ ጠረበ የሚያውቅ የለም። ልጁ ዙሪያውን አይቶ፥ «እዚህም የለገመ ሰው ተሰውሮ ይሆናል» አለኝ። እኔ ግን እንዲህ አልሁት፦ ከዓለት አንድ ጊዜ የተቈረጠ ተመልሶ አይቀጠልም፤ ስለዚህ አጠገብህ ያለው ሰው መሮውን ሲያሳርፍ አለማየት አትችልም፤ ቢስት አንተም ትጠፋለህና ትጮኻለህ። እናንተ አምስታችሁ ግን አንዳችሁ የሌላውን እጅ አላያችሁም።

ስንወርድ፥ በሚመጣው ሥራ መጀመሪያ ቀን ክፍሉን ተከፋፍለው በየክፍሉ ግርጌ የጸሐፊው ስም ብቻ እንዲጻፍ ለጓደኞቹ እነግራለሁ አለ። ስለ ባንኩና ስለ ንግዱ ምንም አልመከርሁትም፤ ሰው ሸሽቶ የሚመረጥ ሥራ አላውቅምና። ያለፈውንስ ለመምህሩ ልንገር ወይ? ሲለኝ ግን፥ አስቀድመህ ለአራቱ፥ ቀጥለህ ለመምህሩ አልሁት። እስከ የካ ድረስ ዝም ብሎ መጣ። ይህን እስከምጽፍ ድረስ መንገሩን አልሰማሁም።