የሯጭ ዕድሜና የአገር ወንፈል

አንድ አገር ለፍትሕ ሲል የአንድን ሰው የሕይወት ምርጥ ቀን ሊወስድ ይችላልን? ቢወስድስ ምን ዕዳ ይኖርበታል? ይህ ጥያቄ በኦሊምፒክ አደባባይ በኢትዮጵያ ፊት ሦስት ጊዜ ቆሟል፤ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 (ዘመናቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)።

በወገዳ ምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ገበሬው የጉልበትን ብድር ጠንቅቆ ያውቃል። በወንፈል ደንብ አንዱ ለሌላው አንድ ቀን ቢያርስ ወይም ቢያጭድ፣ ያ ቀን ተቆጥሮ በሌላ ቀን ይመለሳል። የእርሻ ወቅት ሰውን አይጠብቅምና፣ ቀኑን የሰጠ ሰው የሰጠው ከማይደገም ጊዜው ላይ ቆርሶ ነው። የሯጭም ዕድሜ እንደ ዘር ወቅት አጭር ነው። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ያመለጠው ሯጭ ሁለተኛውን በሙሉ ጉልበቱ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም።

በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድሎ ሥርዓት ወደምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ተጉዞ ተጫወተ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ እንድትታገድ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት ባለማግኘቱም ከሃያ የሚበልጡ አገሮች ከጨዋታው ወጡ። የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት የተቆሉት ጨዋታው ሊከፈት አንድ ወር ሲቀረው ነበርና፣ የእምቢታው ፍትሐዊነት አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ የእምቢታው ዋጋ የተከፈለው በሰዎች እግር ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝቶ፣ በ5,000 ሜትር ግን ከመነሻው መስመር ሳይገኝ ቀርቶ ነበር። ያንን ቁጭት የሚወጣበት ሞንትሪያል ተዘጋበት፤ ሁለቱንም ርቀቶች የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ዳግመኛ አሸነፈ።

ከባሕር ማዶም የዕጣ ተካፋይ ነበረው። ከአፍሪካ ጋር የወገነችው የካሪቢያን ጎረቤት ጋያና፣ ጄምስ ጊልክስ የተባለ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበራት። ጊልክስ በ1975 በሜክሲኮ በተደረገው የፓን አሜሪካ ጨዋታ በ200 ሜትር አንደኛ ወጥቷል። አገሩ ስትወጣ እርሱ በኦሊምፒክ ዓርማ ሥር በግሉ እንዲሮጥ ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። በዚያው ሞንትሪያል የትሪኒዳዱ ሄስሊ ክሮፎርድ የ100 ሜትርን፣ የጃማይካው ዶን ኳሪ የ200 ሜትርን ወርቅ ወሰዱ። ጊልክስ ጎረቤቶቹ ሲነግሡ ከሩቅ ቆሞ ቀረ፤ የኦሊምፒክ ሜዳልያም ሳያገኝ የሩጫ ዘመኑ አለፈ።

ጊልክስ በልመናው ከሃዲ ነበርን? አንዳንዱ «በሶዌቶ ከፈሰሰው ደም አጠገብ የ20 ሴኮንድ ሩጫ ምንድን ነው?» ሊል ይችላል። ንጽጽሩ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። የዓላማው ትልቅነት መስዋዕቱን ተገቢ ያደርገዋል እንጂ ትንሽ አያደርገውም። መስዋዕት ክብሩ ሰጪው ወዶ በመስጠቱ ነው። ሳይጠየቅ ለተወሰደበት ሰው ግን የተረፈው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቀኑ የራሱ እንደነበረ መናገሩም ዓላማን መካድ አይደለም።

ዓላማው ራሱ ሲሳሳ ዕዳው ይከብዳል። በ1988 ኢትዮጵያና ኩባ ከሰሜን ኮሪያ መንግሥት ጋር በመተባበር ከሴኡል ቀሩ። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ፣ አሥር ዓመት የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ነበር። የኩባዋ አና ፊደሊያ ኪሮትም በ1987 በፓን አሜሪካ የ400 እና የ800 ሜትር ባለ ድል ነበረች። የእነርሱ ቀን የተሰጠው የማንንም ሰንሰለት ለመበጠስ ሳይሆን ለመንግሥታት ወዳጅነት ነው።

ምሩፅ በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ወርቆች ማጥለቁን ጠቅሶ «ትዕግሥት ካሳውን ያገኛል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከአንድ ዕድለኛ ሕይወት ለሁሉ የሚሆን ሕግ አይወጣም። ምሩፅን የካሰው የራሱ ብርታት እንጂ ቀኑን የወሰደበት ውሳኔ አልነበረም።

በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኢላና ማየርን ቀድማ አሸነፈች፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ለዚያች ሰዓት መምጣት ብዙ ትግልና ብዙ ሞት አስፈልጓል፤ በ1976 ሳይሮጡ የቀሩት ሯጮች ድርሻም ከዚያ ውስጥ አለበት። ስማቸውን ግን ስንት ሰው ያውቃል?

የወንፈል ደንብ እዚህ ላይ ይፈርዳል። ለሯጭ ያለፈውን ቀን መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህም በሌላው ዕድሜ ላይ የሚወስን ሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ፣ የሚከፈለውን ዋጋ ሳይሸሽግ መናገር፣ የከፋዩንም ስም ከአሸናፊዎች ስም ጎን መዝግቦ ማቆየት ይገባዋል። ለመምህሩም ሆነ ለጠቢቡ የሚቀረው ሥራ ይኸው ነው፤ የአሸናፊዎችን ታሪክ ሲያስተምርና ሲሥል፣ በመነሻው መስመር እንዲቆሙ ያልተፈቀደላቸውንም አብሮ መቁጠር።