ልጅ በዕድሉ ያድጋልን?



«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ችግረኛ ወላጅ ይጽናናበታል፤ አራስ ሊጠይቅ የገባ ጎረቤትም ይመርቅበታል። እውነት መሆን አለመሆኑን ግን መርምረን አናውቅም ነበር። እንድንመረምረው ያስገደደን በዚሁ በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ ሕፃን የሦስተኛ ዓመት የልደት በዓል ላይ ያየነው ነገር ነው።

ሕፃኑ የአንዱ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ነው። ገንዘብ አዋጥተን ኬክና ፊኛ ገዛንለት። ሻማው በርቶ እያጨበጨብን ሳለ አንድ ሌላ ሕፃን በሩን ተደግፎ ሲመለከት አየን። አስገብተን ከባለ ልደቱ ጎን ብናቆመው ቁመቱ ከጆሮው ግርጌ ቀረ። «ይኸስ ገና ሁለት ዓመቱ ነው!» ብለን ሳቅን። ከግቢው ጓሮ ቤት ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው እናቱ ግን «ኧረ እኩያሞች ናቸው፤ ክርስትና የተነሡት እኮ በአንድ ሳምንት ነው» አለችን። ሳቃችን ከአፋችን ላይ ቀረ። እሷም አንገቷን ደፍታ «ምን ይደረግ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አለች።

ለመሆኑ ዕድሜና እድገት አንድ ናቸውን? ዕድሜ ማንም ሳይደክምበት ይመጣል። ክረምትና በጋ እየተፈራረቁ ለጠገበውም ለተራበውም ሕፃን እኩል ሦስት ዓመት ይሰጡታል። እድገት ግን እንዲህ አይደለም። ዳዴ ይል የነበረው እንዲሮጥ፣ ኮልታፋ የነበረው አጥርቶ እንዲናገር፣ «ይኸ ምንድር ነው? ለምን?» እያለ የሚጠይቀውም እንዲያስተውል፣ የሚመግበውና የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። ወንጌላዊው ሉቃስም ስለ ጌታ ሕፃንነት ሲጽፍ የዕድሜውን ቁጥር ብቻ ጠቅሶ አላለፈም፤ በአካልም በጥበብም ማደጉን ነግሮናል።

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ የመላ አገሪቱ ደግሞ ከመቶ 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ዝቅ አለ። እንግዲህ ይህን ያህል ሕፃን ሁሉ ዕድለ ቢስ ሆኖ ተወለደ ልንል ነውን? ዕድል ቢሆን ኖሮ ለአንዱ ክልል አብዝቶ ለሌላው ባላሳነሰ ነበር።

የጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች፣ ባቄላም የሚያበቅል አገር ነው። ዶሮም በብዙ ቤት ይረባል። ይሁን እንጂ እንቁላሉ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የተማሪ ደብተር ሆኖ ይመለሳል። በዚህ እናትን መውቀስ ግፍ ነው። ነገር ግን ችግር ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን እንዲጾም አታዝም። በብዙ ቤት ግን ዕቃው ይነካብናል ተብሎ በጾም ወራት ለሕፃኑ ብቻ ወተት አይፈላም፣ እንቁላልም አይቀቀልም። ስለዚህ ማንም ሳያዘው ይጾማል። ይህ ዕድል ሳይሆን አለማስተዋል ነው።

አንዳንዶች «ልደት ማክበር የባዕድ ልማድ ነው፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና፣ ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ ሙልሙል ይበቃናል» ይላሉ። ክርስትናውም ሙልሙሉም ይኑርልን። ኬኩና ፊኛው ቢቀር እኛም አይቆጨንም። የልደቱን ቀን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ብዙ ሕፃን ባጠረበት መንደር ማጠር እንደ ዘር ይቆጠራልና አይታወቅም። ቀኑን ያላወቅንለት ልጅ በዕድሜው ልክ ማደጉን በምን እንለካለን? ስለዚህ ልደት ሕፃኑ የሚመሰገንበት ሳይሆን ትልልቆቹ የምንጠየቅበት ቀን መሆን አለበት። እሱማ ምን አድርጎ ሦስት ዓመት ሞላው? የሚጠየቀው እኛ በዓመቱ ውስጥ ያደረግንለት ነው።

ከዚያ በኋላ ተመካክረን ለዚያች እናት ሁለት ዶሮ ገዛንላት። «እንቁላሉን ለልጁ እንጂ ለገበያ አታውጪው» ማለት ቀላል ነበር። እሷ ግን «ጨዉንስ በምን ልግዛ?» ብላ ጠየቀችን፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን የጨውና የሳሙናውን ልንችል ተስማማን። ትንሽ ነገር ነው፤ እንዳናቋርጠውም እንሰጋለን። ይሁንና ሴትዮዋ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። የሕፃን ቁመት በአብዛኛው የሚወሰነው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ልደቱ ባሉት 1,000 ያህል ቀናት ነው ይላሉ ሐኪሞች። ለሚመጣው ሕፃን እነዚያ ቀናት ተጀምረዋል። ሻማ እስኪበራለት ብንጠብቅ ይመሽብናል። ታላቅ ወንድሙም ቢሆን አላለቀለትም፤ ገና የሚበላው፣ የሚጠይቀውና የሚመለስለት ብዙ አለው።

ወጣቶች ሆይ፣ በየግቢያችን እንዲህ በሩን ተደግፎ የሚያይ ሕፃን አይጠፋም። የተወለደበትን ቀን እንጠይቅለት፤ እናቱ ወደ ጤና ኬላ ወስዳ እንድታስለካውም እናግዛት። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስንባልም፣ ዕድል የተባለው ምናልባት ጎረቤቱ እንደ ሆነ እናስብ።